የሚኒ ሚዲያ ክበብ የ2016 ዓ.ም. ዘገባ፦ ሊዮኔል ሎግን ያጠናንበት ዓመት

ክበባችን በየዓመቱ ዜናና ማስታወቂያ ከማንበብ ጎን ለጎን የአንድ ሰው ሕይወትና ሥራ ያጠናል። ዘንድሮ የተመረጡት አውስትራሊያዊው የንግግር ሕክምና ፈር ቀዳጅ ሊዮኔል ሎግ ሲሆኑ፣ ሐሳቡን ያቀረበው ሲናገር የሚንተባተብ የዘጠነኛ ክፍል አባላችን ነው። ይህ ተማሪ በመስከረም ወር ዜና ለማንበብ ተመዝግቦ ሳለ፣ በሰልፍ ላይ እንዳይሳቅበት ብዬ የድምፅ ማጉያውን እንዲቆጣጠር የመደብኩት እኔ ነኝ። አዝኜለት ነበር፤ ፍላጎቱን ግን አልጠየቅኩትም።

ሎግ እ.ኤ.አ. በ1880 በአዴላይድ ከተማ ተወለዱ። የሕክምና ትምህርት አልነበራቸውም፤ ሙያቸው የንግግርና የንባብ ጥበብ ማስተማር ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በመርዝ ጋዝና በድንጋጤ ንግግራቸው የተጎዳ ወታደሮች ወደ አውስትራሊያ ሲመለሱ፣ በፐርዝ ይኖሩ የነበሩት ሎግ ለመድረክ ተናጋሪዎች የሚያስተምሩትን የአተነፋፈስና የድምፅ ልምምድ ለእነዚህ ሰዎች አዋሉት። አባላቱ ረጅሙን ውይይት ያደረጉት በዚህ ላይ ነው፤ የንግግር ሕክምና ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ ባልታወቀበት ዘመን ሎግ መንገዱን ያገኙት ከታካሚዎቻቸው ጋር በመሥራት ነበርና።

እ.ኤ.አ. በ1924 ወደ ለንደን ተሻግረው በሃርሊ ጎዳና ክፍል ተከራዩ። ሲናገሩ ይንተባተቡ የነበሩት የዮርክ መስፍን፣ ኋላ የብሪታንያ ንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ፣ በ1925 በለንደን በዌምብሌይ ኤግዚቢሽን መዝጊያ ላይ ባደረጉት ንግግር ክፉኛ ተቸግረው ስለነበር በጥቅምት 1926 ወደ ሎግ መጡ። የታዘዘላቸው ልምምድ ቀላል ግን የማያቋርጥ ነበር፦ በሞቀ ውኃ መጉመጥመጥ፣ በተከፈተ መስኮት አጠገብ ቆሞ እያንዳንዱን አናባቢ ድምፅ ለ15 ሰከንድ ከፍ አድርጎ ማሰማት፣ ትንፋሽን ከሆድ መሳብ። መስፍኑ በግንቦት 1927 በአውስትራሊያ ዋና ከተማ በካንቤራ የፓርላማውን ሕንፃ ሲከፍቱ ሎግ አብረዋቸው አልነበሩም፤ ንግግሩ ግን በመልካም ሁኔታ ተጠናቀቀ።

ከዚያ በኋላ በ1937ቱ የንግሥ በዓልና ብሪታንያ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በገባችበት በሴፕቴምበር 3 ቀን 1939 በተላለፈው የሬዲዮ ንግግር ጊዜ ሎግ ከንጉሡ አልራቁም። ጽሑፉን አስቀድመው ያነቡ፣ ንጉሡ የሚቸገሩባቸውን ቃላት በሌላ ይተኩ፣ ማረፊያ ቦታዎችንም ምልክት ያደርጉ ነበር። የንጉሡ መንተባተብ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ይሁን እንጂ በ1944 የገና መልእክታቸውን ሎግ አጠገባቸው ሳይኖሩ አስተላለፉ። ለእኔ የሎግ ሥራ ትልቁ ምስክር ይህ ነው።

የዛሬ ባለሙያዎች መንተባተብን ከትንፋሽ ጉድለት ይልቅ ከአንጎል የንግግር ሂደትና ከዘር ውርስ ጋር ስለሚያያይዙት፣ የሎግን ልምምዶች እንደ መድኃኒት አልወሰድናቸውም። የወሰድነው ጽሑፍን አስቀድሞ የማዘጋጀትና ተናጋሪውን በትዕግሥት የማዳመጥ ልማዳቸውን ነው። ከጥር ወር ጀምሮ የሚንተባተብን ሰው ቃል እንዳንጨርስለት፣ «ረጋ በል» እንዳንለው፣ ዓይናችንንም ከእርሱ እንዳንመልስ በክበቡ ተስማማን። ሦስተኛው ለእኔም ለአባላቱም ከሁሉ ከባዱ ነበር፤ ዓይንን መመለስ ለሰውየው መራራት ይመስለን ነበርና።

በሚያዝያ ወር ይኸው አባላችን ማረፊያ ቦታዎቹን በቀይ እርሳስ ያሰመረበትን ወረቀት ይዞ በጠዋት ሰልፍ ላይ ወጣ። ሦስት ደቂቃ የታሰበው ዜና አምስት ደቂቃ ወሰደ። ሁለት ጊዜ ቃል ያዘው፤ በሁለቱም ጊዜ ቆመ፣ ተነፈሰ፣ ቀጠለ። የክበቡ አባላት ከፊት ቆመው እስከ መጨረሻው ዓይን ዓይኑን እያዩ አዳመጡት፤ ከኋላ የነበሩት ተማሪዎችም ዝም አሉ። ሲወርድ የጠየቀኝ የሚቀጥለው ተራው መቼ እንደሆነ ብቻ ነው።

በ2017 ዓ.ም. የሰኞ ዜና አንባቢ ሆኖ ተመድቧል። ድምፅ ማጉያውን የሚቆጣጠር አዲስ አባል ስለሚያስፈልገን ፍላጎት ያላችሁ ተማሪዎች በመጀመሪያው ሳምንት ተመዝገቡ።