«አንዲት ክር ዝቅ ብላለች» ብሎ ለጻፈልኝ ሰው፣ ለሌሎቻችሁም

ውድ ወዳጆቼ፣ ዘመዶቼ፣ የደሴ ሰዎች፤

ባለፈው ቅዳሜ ማታ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ክራሬን ይዤ መድረክ ላይ ወጣሁ። ወንበር አጥታችሁ ግድግዳ ተደግፋችሁ ያመሻችሁ፣ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል መጥታችሁ በማግሥቱ የተመለሳችሁ ሁሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እዚያው ላመሰግናችሁ ሞክሬ እንባ ቀደመኝ፤ በጽሑፍ ይሁንልኝ።

ነገሩን ለማታውቁ፦ የዛሬ ሁለት ዓመት እዚሁ ከተማ በትዝታ ቅኝት ተጫውቼ ወደ አምባሰል ቅኝት ስሻገር የሁለት ክሮች ቅኝት መለወጥ ነበረብኝ፤ አንዷን ማላላት፣ ሌላዋን መወጠር። ሺህ ጊዜ ያደረግኩት ነገር ነው። የመጀመሪያዋን አላላሁ። ሁለተኛዋ ላይ ስደርስ አስተዋዋቂው ቀልድ ጣል አደረገ፤ ሕዝቡ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ስስቅ መቃኛውን ረሳሁትና ዘፈኑን ጀመርኩ። ክራሩ ትዝታም አምባሰልም ያልሆነ ነገር አወጣ። ድምፄም ክራሩን ልከተል ወይስ ቅኝቱን እያለ ሲዋልል መሐል ላይ ተሰነጠቀ። ሌላ ቦታ ቢሆን ሰው በይሉኝታ ያጨበጭብልኝ ነበር። ወሎ ላይ ግን አምባሰል ተራራውም ቅኝቱም የሰዉ ነው። ፊት ለፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ ሲያደርጉ አየሁ። ከሁሉ ያቃጠለኝ እሱ ነው።

የዚያች ቅጽበት የአርባ ሰከንድ ቪዲዮ በቲክቶክ ዞረች። «ክራሩን ለማገዶ ስጡት» ያለ ነበር። ጥርሴም ቀሚሴም አልቀሩም። አንድ የቅርብ ዘመዴ ደግሞ «ድሮም አዝማሪ ወጣችብን» አለ። የደብተራ ልጅ የሆነችው አክስቴ ሰምታ፣ «አዝማሪም መዝሙርም ዘመረ ከሚለው ከአንድ የግእዝ ቃል ነው የወጡት፤ አንተ ከምን እንደ ወጣህ ንገረን» ብላ አፉን አስያዘችው። አክስቴ፣ ዕድሜ ይስጥሽ።

ሰዉ በወሩ ረሳው፤ እኔ ነኝ ያልረሳሁት። ማታ ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፋፍኜ ያችን አርባ ሰከንድ እያየሁ አድር ነበር። ክራሩን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ቤት ውስጥ ሰው ከሌለ አወርደውና አንድ ስንኝ በስልኬ እቀዳለሁ፤ ሰምቼው አጠፋዋለሁ። «አንቺ ድሮም አይሆንልሽም» የሚለው ድምፅ የራሴ ነበር፤ ከተሳዳቢዎቹ አንዱም እንደ እሱ አልጨከነም። ሊያጽናናኝ የመጣው ሁሉ የቅዱስ ያሬድን ትል ተረከልኝ። ታሪኩን እወደዋለሁ፤ ነገር ግን ትሏ ከዛፉ ስትወድቅ ስልክ ደቅኖ የሚቀርጻት አልነበረም።

ከዚያ ያወጡኝ ክራር ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው። ስማቸውን እንዳልጠራ ከልክለውኛል። አልመከሩኝም፤ ስልኬን ተቀብለው፣ መነጽራቸውን እያወለቁና እያጠለቁ፣ ስድቡን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። በመጨረሻ አንዱ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «አንዲት ክር ዝቅ ብላለች፤ ሌላው ደህና ነው» ይላል። «ይህ ሰው ሰምቷል» አሉ። «የቀሩት አልሰሙም። አንቺስ ራስሽን ምን እያልሽ ነው የምትሰድቢው?» ነገርኳቸው። «እሱም ክር አይጠራም» ብለው ክራሩን አቀበሉኝ።

ከዚያ ያንኑ የተበላሸ ቅኝት ሆን ብዬ እንድቃኝ አዘዙኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በእሱ አጫወቱኝ፣ አዘፈኑኝ። መጀመሪያ አለቀስኩ፣ ቀጥሎ ተናደድኩ፣ አንድ ቀን ግን ሳቄ መጣ። ጉድለቱ መቃኛውን ትንሽ ከማዞር አያልፍም ነበር፤ ሁለት ዓመት ያስተኛኝ ይኸው ነው። አሁን የቀዳሁትን ሳዳምጥ ከጎኔ ወረቀት አለ፤ ክር፣ ስንኝ ወይም ትንፋሽ የማይጠራ ወቀሳ እዚያ ላይ አይጻፍም። ያ ድምፅ ዛሬም ይመጣል። የትኛዋ ክር እንደሆነች ስጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ መልስ የለውም።

ጎረቤቶቼንም ሳላመሰግን አላልፍም። «ቡናው እስኪፈላ ተጫወቺልን» ትሉኝና እኔ ስዘፍን እናንተ የሽንኩርት ዋጋ ታወራላችሁ። አንድ ቀን አምባሰሉ መሐል ጀበናው ሲገነፍል ሁላችሁም ወደ ጀበናው ዞራችሁ፤ እኔ ዘፈኔን ጨረስኩ። ለታዋቂ ሰው የማይነገር ነገር ልንገራችሁ፦ ሳይደመጡ መዝፈን ደስ ይላል። ባለቤቴ፣ ልምምድ በነበረኝ ምሽቶች ሁሉ ልጃችንን አስተኝተሃል፤ ያንተን ቤት እናወራዋለን።

ለአስተዋዋቂውም ልዩ ምስጋና አለኝ። አዎን፣ ያው የዛሬ ሁለት ዓመቱ ነው። ቅዳሜ ቅኝት ስለውጥ ማይክሮፎኑን ጀርባው ላይ ደብቆ፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ አዳራሹን ዝም አሰኘው። በዚያ ጸጥታ ውስጥ አንዷን አላላሁ፣ ሌላዋን ወጠርኩ፣ ደግሜ ሞከርኳት። ከጨለማው ውስጥ አንዲት እናት «ቀስ ብለሽ፣ ልጄ» አሉኝ። የነጠላዋ እናት ይሁኑ አይሁኑ አላየሁም፤ እሳቸው ናቸው ብዬ ይዤዋለሁ።

ያችን አንዲት መስመር የጻፍክልኝ ሰው፣ ወንድም ሁን እህት፣ ስምህን አላውቀውም። ለሚቀጥለው ዝግጅት ከፊተኛው ረድፍ አንድ ወንበር ይዤልሃለሁ። ቅዳሜ ከነበርክ ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ በባቲ ቅኝት ስጫወት፣ መብራቱ ሞቆ የናይለን ክሮቹ መላላት ሲጀምሩ፣ አንዲቷ ትንሽ ወርዳብኝ ነበር። ሰማሃት?