ለሚጣዬ፣ ስለ ሽሮና ስለ ጆሊ

ቢሾፍቱ፣ ግንቦት 2017 ዓ.ም.

ሚጣዬ፣ እንደምን አለሽልን? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የእናትሽ ጉልበት ተሽሏታል። የላክሽላት ቅባት ጠቅሟታል፣ ሰው ስታገኚ ሌላ ጨምሪላት።

ትናንት ማታ አክስትሽ በቴሌግራም ቪዲዮ ላከችልን። ለልደትሽ የገዛሽው የፍሬንች ቡልዶግ ቡችላ፣ ሽሮ ያልሽው፣ ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ ይተኛል። ኳሷን በአፉ ይዟል። ጭንቅላቱ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ድንግጥ ብሎ ቀና ይላል፣ ደግሞ ይወርዳል። እናትሽ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ቅዳሴ ላይ የሚያንቀላፋ ዲያቆን ይመስላል አለች። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ሌሊቱንም እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ በምክንያት ነው። በስልክ አንቺ ትቸኩያለሽ፣ እኔም ግማሹን እረሳለሁ።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ያዢልኝ። እናንተ ዘንድ ላስ ቬጋስ ሙቀቱ እየመጣ ነው። ሽሮን መኪና ውስጥ ትተሽው እንዳትወርጂ። ለአንድ ደቂቃም ቢሆን። መስኮቱን ከፍቼለታለሁ እንዳትዪ።

አሁን ወደ ቪዲዮው ልመለስ። በእጄ ሳልመረምር ቃሌን መስጠት አይገባኝም። ነገር ግን 34 ዓመት በእንስሳት ሐኪምነት ስኖር እንዲህ የሚተኙ ውሾች አይቻለሁ። ሲጋደሙ አየር ያጥራቸዋል። ስለዚህ ቁጭ ብለው ይተኛሉ። ኳስ ወይም አሻንጉሊት የሚነክሱትም አፋቸው ክፍት እንዲሆንላቸው ነው። ማንም አላስተማራቸውም፣ ራሳቸው ያገኙት መላ ነው። እኛ ያንን እናይና እንስቃለን።

ፍሬንች ቡልዶግ ደግ ውሻ ነው። ይጫወታል፣ ሰው ይወዳል፣ ፊቱ ብቻውን ያስቃል። ያያቶቹን ታሪክ ልንገርሽ። እንግሊዝ አገር ኖቲንግሃም ላይ ዳንቴል የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። ማሽኑ መጥቶ ሥራቸው ሲቀንስ ወደ ፈረንሳይ ተሰደዱ፣ ትንንሽ ቡልዶጎቻቸውንም ይዘው ሄዱ። ፓሪስ ወደደቻቸው። እንደ ሌሊት ወፍ የቆመው ጆሮ መቅረት የለበትም ብለው የተሟገቱት ደግሞ አሜሪካኖች ናቸው፣ ለዚሁ ብለው በ1897 እ.ኤ.አ. ማኅበር አቋቋሙ። በ2022 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በብዛት የተመዘገበው ዘር እሱ ሆነ። ከዚያ በፊት 31 ዓመት ሙሉ አንደኛ የነበረው ላብራዶር ነው። የስደተኛ ውሻ ነውና እዚያ አንቺን ማግኘቱ ደስ ይላል።

ግን ሰው ፊታቸው እያጠረ እንዲሄድ እየመረጠ አራባቸው። አጥንቱ አጠረ። በውስጡ ያለው ሥጋ ግን አላጠረም። ላንቃው ከቦታው አልፎ የመተንፈሻውን በር ይሸፍናል። የአፍንጫው ቀዳዳም ስንጥቅ ነው የሚያክለው። አክስትሽ «እንደ ሽማግሌ ያንኮራፋል፣ ሳቅ ነው» ስትል ሰማኋት። ሚጣዬ፣ ያ ማንኮራፋት አየር ሊገባ ሲታገል የሚሰማ ድምፅ ነው። ቁም ነገሩም እዚህ ጋ ነው። ውሻ እንደ እኛ በላብ አይቀዘቅዝም። ሙቀቱን የሚያስወጣው በማለክለክ ነው። ማለክለክ የሚቸግረው ውሻ ሙቀት ሲመጣበት መውጫ የለውም።

ለምን አልጠየቅሽኝም? አባትሽ የእንስሳት ሐኪም ነው። ገንዘቡ ያንቺ ነው፣ ልደቱም ያንቺ ነው፣ ግን አንድ ስልክ ምን ነበረበት? በፎቶ ነው የመረጥሽው አሉ። እናቱን አላየሻትም። ቡችላ ሲገዛ እናቱ ትታያለች፣ ስትሮጥ ትታያለች፣ ስትተነፍስ ትሰማለች። ከእነዚህ ውሾች አብዛኞቹ በምጥ እንኳ መውለድ አይችሉም፣ በኦፕራሲዮን ነው የሚገላገሉት። ይህን የሚያውቅ አባት እያለሽ ነው ፎቶ አይተሽ የከፈልሽው።

ተቆጣሁ። ይቅር በይኝ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ስትስቂ የሰማሁት በዚህ ቪዲዮ ነው። ከካሜራው ኋላ ያለው ሳቅ ያንቺ ነው፣ ወዲያው ለየሁት። እናትሽም ለየችው። ሦስት ጊዜ ያስደገመችኝ ለውሻው ብቻ አይመስለኝም።

እንግዲህ የሚደረገውን ልንገርሽ። በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ውሰጂው። ቆሞ ብቻ እንዳያዩት። ኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ያወጣው ምርመራ አለ። መጀመሪያ ያዳምጡታል፣ ከዚያ ለ3 ደቂቃ ሶምሶማ ያስሮጡትና እንደገና ያዳምጡታል። ልዩነቱ ያኔ ነው የሚሰማው። እንዲህ ዓይነት ምርመራ ያድርጉለት ብለሽ ጠይቂ። ካስፈለገ የአፍንጫውን ቀዳዳ ያሰፉለታል፣ ላንቃውንም ያሳጥሩለታል። አትፍሪ። በጊዜው ከተሠራ ብዙ ያቀላቸዋል። ገንዘብ ካጠረሽ አትደብቂኝ። የእናትሽ እቁብ በሰኔ ይወጣል።

አንገቱ ላይ አትሰሪው፣ ገመዱ ደረቱን በሚይዝ ማሰሪያ ይሁን። እንዳይወፍር። ለእሱ ስብ ማለት ሌላ ሸክም ነው። የፊቱን እጥፋት በየቀኑ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊና አድርቂለት። የዋና ገንዳ ካለበት ግቢ ለብቻው አትልቀቂው፣ እነዚህ ውሾች ዋና አይሆንላቸውም፣ ይሰምጣሉ። ወጥ ደግሞ አይቀምስም! ዶሮ ወጣችን ግማሹ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ደም ያፈርሳል። ዘቢብና ቸኮሌትም ቢሆን እንዳይነካ። አክስትሽ አዝናለት በእጇ እንዳታጎርሰው ንገሪያት። ጉርሻ ፍቅር ነው፣ አውቃለሁ፣ ለእሱ ግን መርዝ ነው። ለገናም ይዤው እመጣለሁ ያልሽውን ተዪው። አፍንጫቸው ያጠረ ውሾችን ብዙ አየር መንገዶች በዕቃ ክፍል አይጭኑም፣ ምክንያትም አላቸው። ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ካለበት አገር ወደ አሜሪካ መመለሱ ወረቀቱ ብዙ ነው። አንቺ ብቻ ነይ።

መኪናውን ግን አትርሺ። ለአንድ ደቂቃም።

ለምን እንደምደጋግመው ልንገርሽ። ጆሊን ታስታውሻለሽ አይደል? ፈረንጆቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ለእኔ የተዉልኝ ቦክሰር። ያኔ አንቺ ሰባት ዓመትሽ ነበር። ቦክሰር የጀርመን ዘር ነው። ቶሎ አያድግም፣ ሦስት ዓመት ሞልቶት እንኳ ቡችላ ነው። ጆሊ ደስ ሲለው መቆም አይችልም ነበር። ጭራው የተቆረጠ ስለነበር ከወገቡ ጀምሮ ይጠማዘዛል፣ አፍንጫውና ኋላው ሊገናኙ ይደርሳሉ። እናትሽ ነጠላዋን አጥባ ስታሰጣ ጎትቶ ያወርድና ግቢውን ይዞራል። ካላባረረችው ተመልሶ መጥቶ እግሯ ሥር ያስቀምጥላታል፣ ትንሽ ራቅ ብሎም ያያታል። እንደገና እስክትነሳ ድረስ። ቡና ሲፈላ ፈንዲሻ ትወረውሪለት ነበር። አየር ላይ ይቀልበዋል። ያመለጠችውን በፊት እግሩ ልክ እንደ ስሙ ይቦክሳታል። ዘበኛው አንድ ቀን ከሳቁ የተነሳ መሬት ላይ ተቀምጦ ቀረ። ያቺ ግቢ ከዚያ በኋላ እንደዚያ ስቃ አታውቅም።

ሚጣዬ፣ ጆሊን ጌታው መጥቶ አልወሰደውም።

ሚያዝያ 1989 ነው። ለመተሐራ ከብቶች ክትባት ይዤ እየሄድኩ ነበር። ብቻዬን ስለሆንኩ ጆሊን ጫንኩት። መንገዱን ሙሉ ጭንቅላቱን በመስኮት አውጥቶ፣ ከንፈሩ በነፋስ እየተገለበጠ፣ ሕፃናት በየመንገዱ ሲስቁበት ሄድን። ናዝሬት ስንደርስ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛዬን አገኘሁት። ሻይ እንጠጣ አለኝ። መኪናውን ዛፍ ሥር አቆምኩ። መስኮቱን አራት ጣት ያህል ዝቅ አደረግኩ። ሩብ ሰዓት ነበር ያሰብኩት። ሻዩ ምሳ ሆነ። ጥላው ዞረ። ስመለስ ሃምሳ ደቂቃ አልፏል።

ወንበሩ ላይ ተጋድሟል። ድዱ ቀይ ሆኗል፣ ለሃጩ እንደ ሙጫ ወፍሯል። ውኃ አፈሰስኩበት፣ በካርቶን አራገብኩለት። ሙቀቱን ስለካው 42 ዲግሪ ነበር። ዓይኑን ከፍቶ አየኝ። ያንን ወገቡን ትንሽ አጠማዘዘልኝ። ከዚያ አለቀ። ክትባት የተሸከምኩ ሐኪም ነኝ፣ ከኋላዬ በረዶ የሞላ ሳጥን አለ፣ ውሻዬ ግን ሞተ።

ቦክሰርም ፊቱ አጭር ነው። ይህን በትምህርት አውቀው ነበር። ውጭ 24 ዲግሪ ሲሆን የቆመ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ 34፣ በግማሽ ሰዓት 43 ይደርሳል። መስኮት ትንሽ ዝቅ ማለቱ ምንም አይፈይድም። ናዝሬት በዚያ ቀን ከ24 በላይ ነበረች። ላስ ቬጋስ ደግሞ አምና ሰኔ መጨረሻ 48.9 ደርሳለች፣ ያንን ያህል ተመዝግቦባት አያውቅም። ሱቅ ገብተሽ እስክትወጪ ስንት ደቂቃ ነው? ወረፋ ቢኖርስ? የምታውቂው ሰው ሰላም ቢልሽስ?

ከወለንጪቲ ወዲህ ካለ ግራር ሥር ቀበርኩት። ማታ ስመጣ በር ላይ ጠበቅሽኝ። «ጆሊስ?» አልሽኝ። እጄ ላይ ገና አፈር ነበረ። ጌታው ከውጭ መጥቶ ወሰደው አልኩሽ። አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው። ነገ እውነቱን እነግራታለሁ ብዬ ነበር። ነገ 28 ዓመት ሆነ። እናትሽ ብቻ ነበር የምታውቀው።

በ2005 እ.ኤ.አ. ሳይንቲስቶች የውሻን ሙሉ የዘር መረጃ አንብበው ሲያሳትሙ የመረጡት አንዲት ቦክሰር ነበረች፣ ታሻ ትባላለች። ፎቶዋን አየሁት። የጆሊ ፊት ነው። ያን ቀን ቢሮ በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ።

ሦስት ደብዳቤ ጽፈሽለት ነበር። «ለጆሊ፣ ውጭ አገር» ብለሽ። ፖስታ ቤት አስገባሁልሽ አልኩሽ። አላስገባሁም። ከዲፕሎማዬ ጋር በአንድ ፋይል ውስጥ አስቀመጥኳቸው። በሁለተኛው ላይ እዚያ ፈንዲሻ አለ ወይ ብለሽ ጠይቀሽዋል። በሦስተኛው ላይ ስለማትመልስልኝ ተቀይሜሃለሁ ትያለሽ። የተቀየምሽው እሱን ሳይሆን እኔን ነው መሆን የነበረበት።

የጎረቤታችን ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ እናንተ ይበራል። በርበሬና ሽሮ እልክልሻለሁ። በርበሬውን ከአክስትሽ ጋር እኩል ተካፈሉት፣ ሽሮው ያንቺ ብቻ ነው። ከታች በቡናማ ፖስታ ውስጥ ሦስቱ ደብዳቤዎች አሉ። ለብቻሽ ስትሆኚ ክፈቺው።

ቤትሽ ኤሲው ይሥራ፣ ለመብራት ብለሽ እንዳታጠፊው። በቀን አታውጪው፣ ሳይነጋ ወይም ከመሸ በኋላ ይውጣ። አስፋልቱን መጀመሪያ በእጅሽ ጀርባ ንኪው። አንቺ ሰባት እስክትቆጥሪ ካልቻልሽው እሱም አይረግጠውም። ከመጠን በላይ ካለከለከ፣ ድዱ ከቀላ፣ እግሩ ከተወላገደ ጊዜ አታጥፊ። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውኃ አፍስሺበትና አራግቢለት፣ ከዚያ ወደ ሐኪም ሩጪ። እኔን ከመንገድ ደውይልኝ፣ ሌሊትም ቢሆን አነሳለሁ።

ሐኪሙ ያለሽን ቃል በቃል ጽፈሽ ላኪልኝ። ቪዲዮም ላኪ፣ ሲተኛ ሳይሆን ሲሮጥ የተነሳውን። ከመኪና ስትወርጂ ይዘሽው ውረጂ።

አባትሽ