ለእማዬ፣ ስለ እንዶድ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤውን የምታነብልሽ ልጅ አትቸኩል፤ ያልገባሽን እየደገመች ታንብብልሽ።

ባለፈው በስልክ ስናወራ «እኔ ያልተማርኩት ምን አውቃለሁ» ያልሽው ሲከነክነኝ ሰነበተ። ስለ እንዶድ የምጽፍልሽ ለዚህ ነው። አዎ፣ ያው የጓሯችን እንዶድ።

ስትወቅጪው ትዝ ይለኛል። አፍንጫሽን በነጠላ ሸፍነሽ «ወዲያ ሂዱ፣ ያስነጥሳችኋል» ትዪን ነበር። ፍሬው ሳይቀላ፣ ገና አረንጓዴ ሳለ ተለቅሞ መድረቅ አለበት ትያለሽ። ዱቄቱ ውሃ ሲነካው አረፋው ይገነፍላል፤ ጋቢው ወተት መስሎ ይወጣል። የሱቅ ሳሙና ሲመጣ ግን እንዶድ የድሃ ነገር ሆነ፤ ዞር ብሎ የሚያየውም ጠፋ።

አንድ ሰው ግን አየው። በ1964 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ የሚባሉ ወጣት ሳይንቲስት ቢልሃርዚያ የሚባለውን ከውሃ የሚይዝ የትል በሽታ ሊያጠኑ አድዋ ሄዱ። ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። እሳቸው የሚፈልጉት ቀንድ አውጣ ነበር። ሴቶቹ በሚያጥቡበት ቦታ ከሌላው ይልቅ የሞተ ቀንድ አውጣ በዝቶ አዩ። ከላይኛው ውሃ በሕይወት ያሉትን ለቅመው መጡና አንዷን ሴት ከአረፋው ጨምሪበት አሏት። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ።

«ቀንድ አውጣ ቢሞት ምን ይረባል?» ትዪኝ ይሆናል። የቢልሃርዚያ ትል ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ካልተራባ ሰው ጋ አይደርስም። እዚያ ተራብቶ ወደ ውሃው ይወጣል፤ ከዚያ በሚዋኘው ልጅ ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። እኔ እዚህ ባሕር ዳር ላብራቶሪ ውስጥ የልጆቹን ሰገራ ስመረምር እንቁላሉን በማይክሮስኮፕ አየዋለሁ። ሞላላ ነው፤ ጎኑ ላይ አንዲት እሾህ አለችው። በዓይን የማይታይ ነገር ነው፤ ግን ሆድ ያሳብጣል፣ ጉበት ይጎዳል፣ ልጅን ከትምህርት ያስቀራል።

እነ ዶክተር አክሊሉ አድዋ ላይ ውሃውን በእንዶድ እያከሙ ለ5 ዓመት ተከታተሉ። ከ1 እስከ 6 ዓመት ካሉት ልጆች በበሽታው የተያዙት ከመቶ 50 ነበሩ፤ ወደ 7 ወረዱ። በ1989፣ ያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

እንዶድ ሁሉን ያድናል እያልኩሽ አይደለም። ዓሣም ይገድላል፤ እንዲሁ አይበተንም። ዛሬ ለቢልሃርዚያ ጥሩ ክኒን አለ። ችግሩ ልጁ ክኒኑን ውጦ ተመልሶ እዚያው ውሃ ይገባል። ስለዚህ የቀንድ አውጣው ነገር እስካሁን ዋጋ አለው።

እኔን ከሁሉ በላይ የነካኝ ሌላ ነው። ያ ሁሉ የተጀመረው ከሴቶቹ እጅ ነው። የትኛው ፍሬ፣ መቼ እንደሚለቀም፣ እንዴት እንደሚደርቅ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ዶክተሩ ትልቅ ሰው የሆኑት ጎንበስ ብለው ስላዩና ስለጠየቁ ነው። የዚያችን ሴት ስም ግን ባነበብኩት ሁሉ ፈልጌ አጣሁት። በጣም አሳዘነኝ። አንቺም «ምን አውቃለሁ» ስትዪ ያው ነው የሚሰማኝ። የምታውቂውን እኔ ከዩኒቨርሲቲ አላገኘሁትም፣ እማዬ።

እሁድ ስደውል ሁሉንም ትነግሪኛለሽ። ለአንድ ጋቢ ስንት እፍኝ ነው? ስንት ቀን ይደርቃል? ፀሐይ ላይ ነው ጥላ ውስጥ? ማን አስተማረሽ፣ አያቴ ናት? በስምሽ ደብተር ላይ እጽፈዋለሁ። የእህቴ ልጆችም ወንዝ መውረድ ካላቆሙ ለምርመራ ይዘሻቸው ነይ፤ በዚያውም እኔ ጋ ትሰነብቺያለሽ። የደም ግፊት መድኃኒትሽን እንዳታቋርጪ፣ አደራ።

ልጅሽ፣
ከባሕር ዳር