የድጋፍ ጥሪ፦ ያለ ኔትወርክ የሚከፈት ቤተ መጻሕፍት ለቦርቻ ልጆች

ሰላም የሐዋሳ ልጆች፣ እዚህም ውጭም ያላችሁ።

መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ የተባልነው ለ15 ቀን ነበር። ልጆች ወደ ክፍል መመለስ የጀመሩት ግን በ2013 ጥቅምት ላይ ነው።

እዚህ ከተማ ውስጥ እንደምንም ተገፋ። መምህራን ወርክሺት በቴሌግራም ይልኩ ነበር። ልጄ በስልኬ ፎቶውን እያሰፋች ትሠራለች። ፓኬጁ ሲያልቅ እንሞላለን።

ሲዳማ ውስጥ ቦርቻ ወረዳ ያለው የወንድሜ ልጅ ያን ጊዜ ስምንተኛ ክፍል ነበር። ሚኒስትሪ ይጠብቀዋል። ቤታቸው ኢንተርኔት አይገባም። የአባቱም ስልክ ባለ ቁልፍ ነው። ስማርት ስልክ የነበራት አንዲት የጎረቤት ልጅ ብቻ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ አራት አምስት ሆነው ኮረብታ ይወጡና የምልክላቸውን ያወርዳሉ። ባትሪው ሳይዘጋ ጥያቄውን ደብተር ላይ ይገለብጡታል። ቅዳሜ ዝናብ ከጣለ ሳምንቱ ባከነ ማለት ነው። ወንድሜ አንድ ቀን "ያንተዋ ታነባለች፣ የኔው ኔትወርክ ይጠብቃል" አለኝ። ሊወቅሰኝ ብሎ አልነበረም። እስከ ዛሬ ግን ከውስጤ አልወጣም።

ሰኔ 23 ቀን 2012 ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ እኛም ለሦስት ሳምንት ያህል ቀመስነው። ምን ያህል እንደተጨነቅን ታስታውሳላችሁ።

ኮሮና አለፈ ብለን ተቀመጥን። በ2015 አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር ደግሞ የታተመ መጽሐፍ ለሁሉም አልደረሰም። ብዙ ተማሪ ያገኘው ፒዲኤፍ ነው። ፒዲኤፍ ደግሞ ስልክና ዳታ ይፈልጋል። ስለዚህ ኮረብታው ዛሬም አለ።

በእድራችን ያለን ጥቂት ሰዎች ለሦስት የቦርቻ ትምህርት ቤቶች አንድ ነገር ልንሠራ ተነስተናል። ራስቤሪ ፓይ የምትባል መዳፍ የምታክል ኮምፒውተር አለች። ኮሊብሪ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር ይጫንባታል። የራሷን ዋይፋይ ትለቃለች፤ ኢንተርኔት አያስፈልጋትም፣ ካርድም አትበላም። ግቢው ውስጥ ያለ ተማሪ በስልኩ ገብቶ መጽሐፉን ይከፍታል፣ ቪዲዮ ያያል፣ መልመጃ ይሠራል። ዊኪፒዲያንም ኪዊክስ በሚባል ሌላ ነፃ ሶፍትዌር አስገብተን ያለ ኢንተርኔት እንዲያነቡት እናደርጋለን። አዲስ ነገር ሲኖር አንዳችን በፍላሽ ይዘን እንሄዳለን። የታችኛው ክፍል ልጆች የሚማሩት በሲዳምኛ ስለሆነ መምህራን በድምፅ የሚቀዱትንም እንጨምራለን።

ብዙ ያከራከረን የባትሪው ነገር ነው። በትንሽ ሶላር ቀን ብቻ ብትሠራ ወጪው ይቀንስ ነበር። ግን እዚያ ሴቶቹ ልጆች ከትምህርት በኋላ ውሃ ቀድተው እስኪመለሱ ይመሻል። ቀን ብቻ የምትሠራ ከሆነ የምትጠቅመው ወንዶቹን ነው። ስለዚህ እስከ ማታ የሚያቆይ ባትሪ ይገዛ ብለናል። ወጪውን ከፍ ያደረገው እሱ ነው፤ በዚህ ግን አንደራደርም።

ገንዘብ ያስፈልገናል። መቶ ብርም ትሁን፣ አትናቋት። የሰበሰብነው ፕሮፎርማ እድር ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ እያንዳንዱ ዕቃ ስንት እንደሆነ መጥታችሁ እዩ። ከገንዘብ ሌላ ቤታችሁ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ፣ ባትሪው የሚይዝ ስማርት ስልክ ካለ ስጡን። ስክሪኑ ቢሰነጠቅም ግድ የለም። ሜሞሪ ካርድም እንቀበላለን። ሲዳምኛ የምታስተምሩ መምህራን፣ የአንድ ሰዓት ድምፃችሁን ብትሰጡን ትልቅ ነገር ነው። በመኪና ወደዚያ የምትመላለሱም ዕቃ አድርሱልን።

ገንዘቡን የሚቀበለው የእድሩ ገንዘብ ያዥ ብቻ ነው። ደረሰኝ ሳትይዙ እንዳትሄዱ። ውጭ ያላችሁ በዘመዶቻችሁ በኩል ላኩ፤ ደረሰኙ በእናንተ ስም ይቆረጣል። ስልክ የምታመጡ ደግሞ ፎቶና መልእክታችሁን አጥፉ፣ ፓተርኑንም አንሱት። ቻርጀሩን አደራ አትርሱ።