ድምፄን ለጠበቃችሁልኝ

ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ይህን ደብዳቤ ስንት ጊዜ ጀምሬ እንዳቋረጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ማንን አንስቼ ማንን ልተው? ባለፈው ቅዳሜ፣ ከአምስት ወር በኋላ መድረክ ላይ ቆሜ ከዘፈንኩ ወዲህ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። ዝምታውንማ ጠግቤዋለሁ።

የሆነውን ላልሰማችሁ ልንገራችሁ። ጉዞ ላይ ነበርን፤ በአምስት ቀን አራት ኮንሰርት። ጉንፋን ይዞኛል፣ ጉሮሮዬን ይከረክረኛል። ማስታገሻ ዋጥ አድርጌ ወጣሁ። እንደ አስፕሪን ያሉ መድኃኒቶች ደም ቶሎ እንዳይረጋ ስለሚያደርጉ የደከመ የድምፅ አውታር በቀላሉ ሊደማ ይችላል። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። የምትዘፍኑ ልጆች፣ እባካችሁ እናንተ ቀድማችሁ እወቁት። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ራፑን ጨርሼ ወደ ዜማው ስሻገር፣ ከፍ ያለችውን ኖታ ልይዝ አፌን ከፈትኩ። አየር ብቻ ወጣ።

የመጀመሪያው ምስጋናዬ ለሳውንድ ባለሙያችን ነው። ከሁሉም ቀድሞ የገባው እሱ ነው። ማይኬን ዝቅ፣ ባንዱን ከፍ አደረገና ሮጦ መጣ። አዘጋጁ «ውሃ ትጠጣና ትመለስ፤ ሰው ከፍሎ ነው የገባው» ሲል ሳውንድ ባለሙያችን በሩ ላይ ቆመ። «ዛሬ አትዘፍንም» አለ። በቃ። ያን ማታ ተቆጥቼው ነበር። ወንድሜ፣ በሚደማ አውታር ላይ ጮክ ብዬ ቢሆን ኖሮ ጠባሳው ዕድሜ ልኬን ሊቀር ይችል እንደነበር ሐኪሟ ስትነግረኝ መጀመሪያ የመጣህብኝ አንተ ነህ። ይቅርታዬንም ምስጋናዬንም በአደባባይ እነሆ።

ሐኪሟ ቀጭን ካሜራ በአፍንጫዬ አስገብታ በስክሪን አሳየችኝ። የድምፅ አውታሮቼ ሁለት ትንንሽ እጥፋቶች ናቸው። ርዝመታቸው ከጥፍር ብዙ አይበልጥም። ሴት ልጅ ስታወራ በሰከንድ 200 ጊዜ ያህል እየተገናኙ ይለያያሉ፤ ስትዘፍን ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። አንዱ በደም ቀልቷል። ጫፉ ላይ እብጠት አለ። «ይኼውልሽ እንጀራሽ» አለችኝ። ማልቀስ ስጀምር የእንግሊዛዊቷን ዘፋኝ የአዴልን ነገር አነሳችልኝ። እ.ኤ.አ. በ2011 ጉዞዋን ሰርዛ ጉሮሮዋን ቀዶ ጥገና ተደረገላት፤ በ2012 የካቲት ላይ በአሜሪካው የሙዚቃ ሽልማት፣ በግራሚ መድረክ ዘፍና ስድስት ሽልማት ይዛ ወጣች። ያቺን ወሬ ለሳምንታት እንደ ስንቅ ይዣት ዞርኩ። ዶክተር፣ እጅሽ ይባረክ።

እኔም ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ፤ ከዚያ በኋላ ዝምታ ታዘዘ። ሹክሹክታ እንኳን ክልክል ነው፤ እሱም አውታሩን ያደክማል።

እኔ ዝምታን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ከአገር የወጣሁት የ9 ዓመት ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ነው። አባቴ ወረቀቱ ስላልተሳካለት ቀረ። በአራተኛው ዓመት አረፈ፤ በስልክ ነው የተረዳነው። በአዲሱ አገር ክፍል ውስጥ ዓመት ሙሉ ቃል አልተነፈስኩም። ከዚያ አንድ የክፍሌ ልጅ የጆሮ ማዳመጫዋን አንድ ጎን ሰጠችኝ። ራፕ ነበር። ምን እንደሚሉ አላውቅም። ድምፁን ግን ሸመደድኩት፤ ትርጉሙ ከወራት በኋላ ነው ቀስ እያለ የመጣልኝ። ከሞቃዲሾ ወጥቶ ቶሮንቶ የደረሰው ራፐር ኬናንም እንግሊዝኛ ሳያውቅ የራፕ ስንኞችን እንዲሁ በድምፃቸው ይይዝ እንደነበር ስሰማ «ለካ ብቻዬን አይደለሁም» አልኩ።

እንዲያውም ይህ ሙዚቃ ራሱ በስደተኛ እጅ ነው ያደገው። ዲጄ ኩል ሄርክ ከጃማይካ፣ ከኪንግስተን፣ ወደ ኒው ዮርክ ብሮንክስ የመጣ የ12 ዓመት ልጅ ነበር። ኦገስት 11 ቀን 1973 በእህቱ ግብዣ ላይ ሙዚቃውን ያጫወተው እሱ ነው። አንድ ዓይነት ሁለት ሸክላ ይዞ፣ ሰው የሚጨፍርበትን የከበሮውን ቦታ ከአንዱ ወደ ሌላው እያዘዋወረ ያስረዝመው ነበር። ዛሬ ሂፕ ሆፕ ልደቱን የሚያከብረው በዚያች ቀን ነው። «ይሄ ያንቺ ሙዚቃ አይደለም» ለሚሉኝ ሰዎች ይህን ታሪክ ስነግር ኖሬያለሁ።

ለቋንቋ መምህሬ፦ የቃል ፈተናዬን በራፕ እንዳቀርብ ፈቀዱልኝ። የክፍሉን ሳቅ ያስቆሙት እርስዎ ነበሩ። ካፖርት በተሰቀለበት ጠባብ የልብስ ክፍል ውስጥ የመጀመሪያ ዘፈኔን ለቀረፃችሁልኝ ጓደኞቼ፦ ያ ካፖርት ድምፁን ዋጥ ስላደረገልን ነው ቅጂው ያማረው። አሁንም ስቱዲዮ ስገባ ሽታው ይመጣብኛል።

አንድ አሳታሚ «ስምሽን አሳጥሪው፣ ከዘፈንሽ የአማርኛዋን ቃል አውጫት፣ ማንም አይገባውም» ብሎኝ ያውቃል። ልሰማው ትንሽ ነበር የቀረኝ። እ.ኤ.አ. በ2015 ግን የኢትዮጵያውያን ስደተኞች ልጅ የሆነው አቤል ተስፋዬ፣ ዘ ዊኬንድ፣ ያወጣው ዘፈን የአሜሪካን ሰንጠረዥ ቁንጮ ያዘ። መጨረሻው ላይ አማርኛ አለበት። ስልኬን እናቴ ጆሮ ላይ አስጠጋሁላት። «የኛ ልጅ ነው?» አለች። ቃሏን አላወጣሁም። ስሜም እንዳለ ነው።

ወደ ዝምታው ልመለስ። ከእናቴ ጋር የምግባባው በደብተር ሆነ። እሷ ታወራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። በ9 ዓመቱ የወጣ ልጅ አማርኛ እንዴት እንደሚጽፍ ገምቱ። እማዬ እርሳስ ይዛ እያንዳንዱን ፊደል አረመችልኝ። ከዚያ ግጥሞቼን መጻፍ ጀመርኩ። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ቤት መምታት ቀላል ይመስላል፤ ሁሉንም ስንኝ በ«ነበር» እና በ«አለ» መዝጋት ነው። እማዬ እዚያ ላይ ያዘችኝ። «ይሄማ ስንፍና ነው፤ እንደገና» ትላለች።

አንድ ቀን አባቴ ሲሸኘን የተናገረውን ልጽፍ ብዬ «አባባ አለ» ብዬ ጀመርኩ። ላልቶ የሚነበበውን፣ ተናገረ ማለቴ ነበር። እማዬ ግን አጥብቃ አነበበችው። አለ፤ ይኖራል። እርሳሷን አስቀመጠች። ብዙ ቆይታ «አዎ፣ አለ» አለችኝ። አብረን አለቀስን፤ እኔ ያለ ድምፅ።

ያቺን ግጥም በጽሑፍ ብቻ ለጠፍኳት። እናንተ ደግሞ በድምፃችሁ እያነበባችሁ ላካችሁልኝ። አንዲት እናት ሽንኩርት እየከተፈች፣ አንድ ሾፌር መብራት ይዞት፣ አንድ ልጅ እየተኮላተፈ። ለናንተ ምን ብዬ እንደማመሰግን አላውቅም። ድምፅ ባልነበረኝ ጊዜ ድምፅ ሆናችሁኝ። የትኬት ገንዘባችሁን መውሰድ ስትችሉ «ይቆየን» ያላችሁም ባንዱን በሥራው አቆያችሁት።

ለድምፅ ቴራፒስቴ፣ ያቺ ብርጭቆና ስትሮ አትረሳኝም። ውሃ ውስጥ አረፋ እያስነሳሁ «ኡ» ስል ስንት ጠዋት ታገስከኝ። ለኪቦርድ ተጫዋቻችን፣ ዘፈኖቹን ሁሉ በአንድ የድምፅ እርከን (ቶን) ዝቅ አድርገህ እንደ አዲስ አስተካከልካቸው፤ ማታ ማታ ሌላ ሥራ እየሠራህ። ድምፄ እንደ ድሮው አይደለም፣ ትንሽ ወፍሯል። እኔ ወድጄዋለሁ።

ቅዳሜ ማታ ያቺ ስንኝ ስትደርስ ጉሮሮዬ ተናነቀኝ። ሕመም አልነበረም። ማይኩን ወደ እናንተ አዞርኩት። አዳራሹ ሙሉ «አባባ አለ» አላችሁ፤ ግማሻችሁ አላልታችሁ፣ ግማሻችሁ አጥብቃችሁ። እማዬ ከፊት ተቀምጣ ነበር። ከንፈሯን አየሁት።

አጥብቃ ነው ያለችው።