እማዬ፣ አንድ ነገር ላማክርሽ

እማዬ፣ እንደምን አለሽ? ዓይንሽስ እንዴት ነው? ይህን እህቴ እንደምታነብልሽ አውቃለሁ። ቀስ ብላ ታንብብልሽ፣ የማማክርሽ ነገር አለኝ።

ፖድካስት ልጀምር እያሰብኩ ነው። ባለፈው በስልክ «ደግሞ እሱ ምንድን ነው?» ስትዪኝ በደንብ ሳላስረዳሽ ቀረሁ። ሬዲዮ በዪው፤ ግን ሰዓቱ አያልፍብሽም። እንግዳ ሲመጣ ታቆሚዋለሽ፣ እንግዳው ሲሄድ ካቆምሽበት ትቀጥያለሽ። ስሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ቤን ሀመርስሊ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ «አይፖድ» ከሚባለው የሙዚቃ ማጫወቻ እና «ብሮድካስት» ከሚለው ቃል ገጣጥሞ አነሣው።

ሐሳቡን የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ። ስትሰፊ ሬዲዮው ከስፌት መኪናሽ አጠገብ ጠፍቶ አያውቅም። ደስ የሚል ጨዋታ የመጣ እንደሆነ እግርሽ መርገጫው ላይ ቀጥ ይላል። መርፌው ጨርቁ ላይ እንደተተከለ ይቆያል። እኔ ከጠረጴዛው ሥር ቁርጥራጭ ስለቅም ድምፁ ሲቆምብኝ ቀና ብዬ አይሽ ነበር። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። እኔም በእጃቸው የሚሠሩ ሰዎችን ሙያቸውን እንዴት እንደተማሩ ልጠይቃቸው እፈልጋለሁ። እጁ ሥራ ላይ ያለ ሰው የሚሰማው ነገር እንዲሆን።

ሰሞኑን ሞከርኩት። አናጢ ጓደኛዬን ይዤ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩና ልብሶቹ ፊት ተቀመጥን። ባዶ ክፍል ያስተጋባል፣ ልብስ ግን ድምፅ ይመጥጣል። ማይኩን ከአፋችን አንድ ስንዝር ያህል አራቅነው። በኋላ ስሰማው ደነገጥኩ፤ የእኔ ድምፅ አልመሰለኝም። ለካ ሰው ሲናገር የራሱን ድምፅ በአጥንቱም በኩል ስለሚሰማው ለራሱ ወፈር ይልበታል። አንቺ ስትሰሚኝ የኖርሽው ቀጭኑን ነው።

ድምፁንስ እለምደዋለሁ። የሚያሳስበኝ ጊዜው ነው። 20 ደቂቃ የማይሞላ ጨዋታ ለማስተካከል 3 ምሽት ፈጀብኝ። ሳሉን፣ የወንበሩን ሲጥሲጥታ፣ የእኔን «እ...» እየለየሁ ስቆርጥ አመሸሁ። ብዙ ሰው በሞቅታ ይጀምርና ጥቂት ክፍል ለቆ ይጠፋል። እኔ እንደዚያ ማድረግ አልፈልግም። ሰው አምኖኝ የሕይወቱን ታሪክ ሲያወጋኝ ሥራውን በወጉ ልሠራለት ይገባል።

ስለዚህ 6 ክፍል ቀርጬ ሳልጨርስ አንዱንም አልለቅም ብያለሁ። ስድስተኛውን ስጨርስ ሰባተኛው ካማረኝ እቀጥላለሁ። ካላማረኝ እዚያው ይቁም፣ ቅጂውን ለባለታሪኮቹ እሰጣለሁ።

አሁን የምፈልገው ያንቺን ጆሮ ነው። ሙከራውን በእህቴ ስልክ ልኬዋለሁ። የልጄ ነው ብለሽ አትስሚው፣ ያኔ ሬዲዮውን እንደምትሰሚው ስሚው። ሐሳብሽ ወደ ሌላ የሄደበትን ቦታ ንገሪያት፣ ደቂቃውን ትጻፍልኝ። ቅር ይለዋል ብለሽ እንዳትደብቂኝ፣ እማዬ።

የሚወድሽ ልጅሽ