አርእስቶቻችን ጥያቄ ምልክት ሆነው ቀርተዋል፤ 86,500 ብር ይጎድለናል

ለደሴና ለኮምቦልቻ ነዋሪዎች፣ ለቅሬ ዳኞችና ጸሐፊዎች፣ ለሰንበቴና ለማኅበር አባላት፣ በአገር ውስጥም በውጭም ላላችሁ የከተማችን ልጆች በሙሉ፤ ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ አሰላሙ ዐለይኩም።

ይህ የተበላሸውን የቤተ መጻሕፍታችንን ድረ ገጽ ለመመለስ በአንድ ዓመት ውስጥ የምናወጣው ሦስተኛ ጥሪ ነው። መደጋገሙ እንደሚያሰለች ይገባናል፤ እኛም ደክሞናል። ያለፉት ሁለቱ ጥሪዎች 47,500 ብር አስገኝተዋል። የሰጣችሁትን እግዚአብሔር ይስጥልን፣ አላህ ይቀበላችሁ። ከዚያ በኋላ ግን መዋጮው ቀጥ ብሎ ቆመ። የሚያስፈልገው 134,000 ብር ነው፤ የጎደለው 86,500 ብር። 173 ሰው አምስት አምስት መቶ ብር ቢያወጣ ይሞላል።

የደረሰውን ላልሰማችሁ፦ ባለፈው ጥር የቤተ መጻሕፍታችን ድረ ገጽ የተቀመጠበት የኪራይ ሰርቨር ዲስኩ ተበላሸ። አከራዩ ቅጂ አልነበረውም፤ ውሉም ቅጂ እንዲይዝ አያስገድደውም ነበር። የራሳችን ባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ግን በየሳምንቱ እሑድ ሌሊት በራሱ ይወጣ ነበር። እሱን መልሰን ስንጭን ገጾቹ ተከፈቱ፤ የመዝገብ ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ የተጠቃሚዎቹ ዝርዝር ሁሉ በቦታው ነው። አማርኛው የለም። የ1,860 ሰነዶችና ፎቶዎች ርእስና መግለጫ በነበረበት ቦታ ጥያቄ ምልክት ብቻ ተደርድሯል።

ምክንያቱን ሳንሸፋፍን እንናገር። በ2016 ሰርቨር ስንቀይር ባክአፑን የሚያወጣው ትእዛዝ የፊደል ስብስቡ ላቲን 1 (የምዕራብ አውሮፓ ፊደላት ስብስብ) ሆኖ ቀረ። የመረጃ ቋቱ ሶፍትዌር ማይኤስኪውኤል በላቲን 1 ጽሑፍ ሲያወጣ በዚያ ስብስብ ውስጥ የሌለን ፊደል ሁሉ በጥያቄ ምልክት ይተካዋል፤ የግዕዝ ፊደል ደግሞ አንድም በዚያ ውስጥ የለም። ሌሎች ቤተ መጻሕፍት እንዲያውቁት ያህል፦ አማርኛችሁ ተበላሽቶ የላቲን ፊደላት ከነቆባቸውና ከነነጥባቸው ተዝረክርከው ካያችሁ አትደንግጡ። ባይቶቹ (ፊደሉ በኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጠባቸው ቁጥሮች) አሉ፣ የተነበቡበት መንገድ ብቻ ነው የተሳሳተው፤ ይመለሳል። ጥያቄ ምልክት ካያችሁ ግን የመጀመሪያው ፊደል ጠፍቷል፤ የሚመልሰው ባለሙያ የለም። ማስተዋል የምንችልበት ምልክትም ነበር። አንድ የግዕዝ ፊደል የዓለምን ፊደላት በሚይዘው በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ ሦስት ባይት ይይዛል፣ ጥያቄ ምልክት 1 ባይት። ከሰርቨር ለውጡ በኋላ የባክአፑ ፋይል በድንገት አንሷል። ፋይሉ በሰዓቱ መምጣቱን እንጂ ተከፍቶ መነበቡን አልፈተሽንም። ይህ የኮሚቴው ጥፋት ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ያልጠፋውም ብዙ ነው። የመጻሕፍቱ ካታሎግ ኮሃ በሚባል የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር የተሠራ ሲሆን ያለውም ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ባለው ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ አልተነካም። የአካባቢ ታሪክ ክፍሉ ስካኖችም በአንድ ውጫዊ ዲስክ ላይ አሉ። ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ ቤተሰቦች ከየጓዳቸው አውጥተው ያመኑን ፎቶና ደብዳቤ፣ በዐጀሚ (በዐረብኛ ፊደል፣ በአገሩ ቋንቋ) የተጻፉት የመንዙማ ወረቀቶች፣ ምስላቸው ሁሉ ደህና ነው። የፋይሎቹ ስም ግን ቁጥር ብቻ ነው። ፎቶ ቁጥር 0412 ላይ የቆሙት ሰውዬ ማን እንደሆኑ፣ ቦታው ሆጤ ይሁን ሸዋ በር የሚናገረው የጠፋው መግለጫ ነበር። ደግነቱ ሰነድ ስንረከብ በእጅ የጻፍንበት የወረቀት መዝገብ አለ። ከእሱ ላይ አንዱን ሰነድ መልሶ መጻፍ 4 ደቂቃ ይወስዳል፤ ለ1,860ው 124 ሰዓት። ሌላ ሰው ከመዝገቡ ጋር ሲያመሳክር ደግሞ 62 ሰዓት። ሥራው ከባድ ነው እንጂ የማይቻል አይደለም።

«ሶፍትዌሩ በነጻ ከሆነ ገንዘቡ የት ሄደ?» የሚለው ጥያቄ በየቅሬው ይነሣል፤ መነሣቱም ተገቢ ነው። ድረ ገጹ የተሠራበት ድሩፓልም ኮሃም ኮዳቸው ክፍት ነው፣ የፈቃድ ክፍያ የላቸውም። ኮሃ በኒውዚላንድ ለአንድ የገጠር አካባቢ ቤተ መጻሕፍት ተሠርቶ በጥር 2000 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረ ነው፤ ስሙም በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው። ስጦታው ግን የሚያርፍበት ቦታ ይፈልጋል። የሰርቨር ኪራይ በዶላር ይከፈላል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ዓመት ሳይሞላው ከ120 ብር በላይ ሆነ። ኪራዩ በዶላር ሳይጨምር በብር ከእጥፍ በላይ ወጣብን፤ ከሁለቱ ጥሪዎች በፊት የነበረው መዋጮ ቶሎ ያለቀው በዚህ ነው። ለገጹ ቴም (የመልኩ ንድፍ) የከፈልነው 6,000 ብር በአዲሱ ድሩፓል ላይ እንደማይሠራም አንደብቅም። የድሩፓል 7 ቴም ከ8 ጀምሮ ባሉት ስሪቶች ላይ አይጫንም። ስንገዛው የድሩፓል 7 ድጋፍ ማብቂያ በተደጋጋሚ እየተራዘመ ነበር፤ መጀመሪያ ኅዳር 2014 ተብሎ በመጨረሻ ታኅሣሥ 27 ቀን 2017 ላይ ተቆረጠ። በማራዘሚያው ተማምነን ቆየን።

በወጣው ገንዘብ የተሠራውንም እንናገር፤ ይህ ሥራ በጥያቄ ምልክቶቹ ሥር ተቀብሮ እንዲቀር አንፈልግም።

የድሩፓል መፈለጊያ ሲጫን ከሦስት ፊደል ያነሰ ቃል አይመዘግብም። ለላቲን ጽሑፍ ይህ ችግር አይደለም። ለእኛ ግን ወሎ ሁለት ፊደል ነው፣ ደሴ ሁለት ፊደል ነው፣ ጦሳም፣ ሕግም፣ ቤትም እንዲሁ። በመጀመሪያዎቹ ወራት «ደሴ» ብሎ የፈለገ ሁሉ «ምንም አልተገኘም» የሚል መልስ ያገኝ ነበር። ገደቡን ወደ 2 አውርደን የመፈለጊያውን መዝገብ እንደገና ማስገንባት ነበረብን። ቅንብሩን መቀየር ብቻ አይበቃም፤ የቀድሞው መዝገብ እስኪፈርስና እስኪታደስ ድረስ ምንም ለውጥ አይታይም።

ሁለተኛው የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ነው። አንዱ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ይጽፋል። ሀ፣ ሐ፣ ኀን ወደ አንድ፣ ሰና ሠን ወደ አንድ፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን እንዲሁ የሚያመጣ ትንሽ ሞጁል (ተጨማሪ ፕሮግራም) ተጽፏል። ሞጁሉ ሰነዱ ሲመዘገብም፣ ጠያቂው ሲጽፍም እኩል መሥራት አለበት፤ በአንዱ በኩል ብቻ ከሆነ ነገሩን ያባብሰዋል። ለአንባቢ የሚታየው ጽሑፍ ግን ባለቤቱ እንደጻፈው ይቆያል። ከዚያ «የ»፣ «በ»፣ «ለ»፣ «ከ» መጡ። «ወሎ» ብሎ የፈለገ «የወሎ» የሚለውን አያገኝም ነበር። ፊደሏን በደፈናው መቁረጥ አይቻልም፤ «ከተማ»ን «ተማ» ያደርገዋል። ስለዚህ የቀረው ክፍል በቦታ ስሞች ዝርዝራችን ውስጥ ሲገኝ ብቻ ሁለቱም ቅርጽ ይመዘገባል። ያ ዝርዝር ከአዝዋ ገደል እስከ ቦርከና በሽማግሌዎች እርዳታ የተሰበሰበ ነው፤ በወረቀትም ስላለ አልጠፋም።

በኮሃ በኩል የደራሲ ስም እንደ ፈረንጅ ተገልብጦ እንዳይገባ፣ ማለትም የአባት ስም እንዳይቀድም፣ በማርክ (በካታሎግ መመዝገቢያው ደንብ) የደራሲ ስም በሚገባበት መስክ 100 የመጀመሪያው ጠቋሚ 0 እንዲሆን ተደርጓል። የኅትመት ዓመትም ሁለት መስክ አለው፣ የእኛውና የአውሮፓው። ያለዚያ በ1985 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ ከ1985 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ጎን ይሰለፋል፤ በመካከላቸው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አለ።

አሁን የታሰበው ይህ ነው። ጽሑፉ እንደገና መግባቱ ካልቀረ ድጋፉ በተቋረጠው ድሩፓል 7 ላይ አናስገባውም፤ በድሩፓል 11 ላይ እንሠራለን። ከ7 ወደ 11 ባለበት ማደስ የሚባል ነገር የለም፤ አዲስ ድረ ገጽ ተሠርቶ ይዘቱ ይጋዛል። ድሩፓል 11 ፒኤችፒ 8.3 የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ይፈልጋል፣ ሞጁሎቹም የሚጫኑት ኮምፖዘር በሚባል መሣሪያ ነው። ኮምፖዘር 1 ጊጋ ራም ባለው ሰርቨር ላይ መሀል መንገድ ላይ ሊቆም ስለሚችል 2 ጊጋ ያለው ታስቧል። መልሶ መጻፉ በሰንጠረዥ ይሆናል፣ በኋላ በአንድ ጊዜ ይጫናል። እዚህ ላይ ወጣቶቻችን አደራ፦ ከኤክሴል በሲኤስቪ (የሰንጠረዥ ፋይል ዓይነት) ስታስቀምጡ ተራውን ከመረጣችሁ ያው ጥያቄ ምልክት ተመልሶ ይመጣል። «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ 8» የሚለውን ምረጡ፣ ወይም በሊብሬኦፊስ ሥሩ።

ባክአፑ ከእንግዲህ በሦስት ቦታ ይቀመጣል፦ በሰርቨሩ፣ ደሴ ባለ አንድ ዲስክ፣ ሌላው ዲስክ ደግሞ ከሐረጎ በታች ኮምቦልቻ። እሳት ወይም ሌባ ሁለቱን ከተሞች በአንድ ቀን አያገኝም። ባክአፑን በሚያወጣው ትእዛዝ ላይ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 (የማይኤስኪውኤል ሙሉው ዩቲኤፍ 8) በግልጽ ተጽፏል። በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ አንዱ ቅጂ በባዶ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ሃያ ርእሶች ከወረቀት መዝገቡ ጋር ይነጻጸራሉ፤ ውጤቱም በር ላይ ይለጠፋል።

ወጪው፦ የሁለት ዓመት የሰርቨር ኪራይ በወር 12 ዶላር፣ በጠቅላላው 288 ዶላር፣ በ150 ብር ሒሳብ 43,200 ብር። ሁለት ባለ 1 ቴራባይት ውጫዊ ዲስኮች 19,000 ብር። ዲስኩ በዛ ለምትሉ፣ አንድ ኤ4 ገጽ በ300 ዲፒአይ (በኢንች 300 ነጥብ) ባለ ቀለም ሳይታመቅ 26 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ ለአንባቢ የሚታየው የተቀነሰ ቅጂ ነው፣ ዋናው ግን መቀመጥ አለበት፣ ገና ያልተነሡም ሰነዶች አሉ። መብራት ሲጠፋ የመረጃ ቋቱ ሲጽፍ እንዳይቋረጥ ዩፒኤስ ከነባትሪው 16,500። የድረ ገጽ ስም ኪራይ 2,300። ለሚጽፉና ለሚያመሳክሩ ሦስት ወጣቶች የትራንስፖርትና የሻይ 6,000፣ 6,000፣ በጠቅላላው 18,000። ለባለሙያው 35,000፤ ይህ ሰው የጠየቀው ዋጋ ሳይሆን ለምነን ያስቀነስነው ነው።

ክፍያን በተመለከተ፣ እባካችሁ በጥንቃቄ አንብቡ። ገንዘቡ የሚገባው በቤተ መጻሕፍቱ ስም በተከፈተው፣ ሦስት ፈራሚ ባለው የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው። የሒሳብ ቁጥሩን እዚህ አልጻፍንም። ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲገለበጥ ቁጥር ይቀየራልና። ቁጥሩ ማኅተም ባለው ማስታወቂያ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ አለ፣ በየቅሬው ጸሐፊ እጅም አለ። በቴሌብር የምትልኩም ወደዚያው የባንክ ሒሳብ አስተላልፉ እንጂ ወደ ማንም ሰው ስልክ አትላኩ፤ የኮሚቴ አባል ነኝ ቢላችሁም። ምክንያት በሚለው ቦታ «ድረ ገጽ» ብላችሁ ጻፉ፤ ካልተጻፈ ከወንበር ጥገናው መዋጮ ጋር ይቀላቀላል።

ውጭ አገር ላላችሁ፦ ከመካከላችሁ አንድ ሰው ኪራዩን በካርዱ በቀጥታ ለአከራዩ ቢከፍልልን የውጭ ምንዛሬ ጣጣ ይቀርልናል። የሰርቨሩም የስሙም ምዝገባ ግን በቤተ መጻሕፍቱ ስምና በኮሚቴው የጋራ ኢሜይል መሆን አለበት። የእድሳት ማስጠንቀቂያ ወደ አንድ ሰው የግል ኢሜይል ሲሄድና ያ ሰው ሥራ ሲለውጥ ስሙ ሳይታደስ ያልፋል፤ ካለፈ በኋላ ሌላ ሰው ሊይዘው ይችላል።

ለቅሬ ዳኞችና ጸሐፊዎች ልዩ ልመና አለን። ሬሳ ስንቀብር፣ ድንኳን ስንተክል የሚያሰባስበን ቅሬ ነው፤ በሚቀጥለው ስብሰባ አምስት ደቂቃ ስጡን። ለሙስሊሙ ወገናችን ሰው የሚማርበት ነገር ሰደቃ ጃሪያ ነው። ለክርስቲያኑም በሰንበቴው ዕለት ከሚያዋጣው ጋር ይህን ቢያስብ በረከቱ የሁላችን ነው። የአባቶቻችሁ ስም ያለበት ሰነድ እዚያ ውስጥ ነው።

ገንዘብ የሌላችሁ ሁለት ሰዓት ስጡን፤ መዝገቡን እያነበበ የሚያመሳክር እንፈልጋለን። በፎቶዎቹ ላይ ያሉትን ሰዎች የምታውቁ እናቶችና አባቶች ቅዳሜ ጠዋት ብቅ በሉልን፤ መዝገቡ ላይ የተዘለለ ስም አለ፣ ያን ከእናንተ በቀር የሚሞላው የለም። የሁለቱ ያለፉ መዋጮዎች ደረሰኝም በዚያው ሰዓት ለማንም ክፍት ነው።

የአሁኑ ኪራይ ሐምሌ 10 ቀን 2018 ያበቃል፤ ስለዚህ መዋጮው እስከ ሰኔ 30 መጠናቀቅ አለበት። የቀረው 86,500 ብር ነው። በድጋሚ፦ የቤተ መጻሕፍቱ ሒሳብ ብቻ፣ ቁጥሩ በሩ ላይ ወይም በቅሬ ጸሐፊያችሁ እጅ፣ ምክንያቱ «ድረ ገጽ»። የባንኩን ወረቀት ይዛችሁ ኑና የቤተ መጻሕፍቱን ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ።

የቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ ኮሚቴ፣ ደሴ